የሄስተር ጳጳስ

የሆልምዊክ ሰው መንገድ የሚያመላክተው በሌለ ነገር ነው። እንግዳ መጥቶ የጀልባ ጠጋኙን ቤት ቢጠይቅ «የመርፌው ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይሉታል። የመርፌው ቀዳዳ የሚባለው ቅስት ዓለት ግን እንግዳው ከመወለዱ በፊት ተንዶ ባሕር ገብቷል። ሰውየው የሌለ ድንጋይ ሲፈልግ ይውላል። ማንም ሊቀልድበት ብሎ አይደለም። እዚያ የዮርክሻየር ዳርቻ ላይ ባሕሩ በየብርዱ ወራት ገደሉን ይገምጣል፣ ዓለት ይገነድሳል፤ የሰው ምላስ ደግሞ ሰነፍ ናት፣ ከባሕር ጋር እኩል አትሮጥም።

ለዚህ ሁሉ የሞተ ድንጋይ አንዲት አልቃሽ ነበረችው፤ ሄስተር ስቶር ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የመንደሩን ልጆች ስትመግብ የኖረች፣ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ቀይ የሱፍ ባርኔጣ ከራሷ የማይለይ ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዝናብ ቢጥልም ነፋስ ቢነፍስም ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ቦቲዋን አጥልቃ ወደ ታች ትወርዳለች። ገደሉን ሥር ሥሩን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። የትኛው ዋሻ ተደፈነ፣ የእረኛው ወንበር ዛሬም ቆሟል ወይ፣ እህትማማቾች ከሚባሉት ሁለት ዓለቶች የቀረችው እንዴት አደረች? ይህን ሁሉ አይታ ስትመለስ ለባሏ ታወራለታለች።

«የቀረችው እህት አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች» ትለዋለች።

«ነፍሷን ይማር» ይላል ባሏ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

«ገና አልሞተችም እኮ!»

«እንግዲያው መርዶውን ምን አስቸኮለሽ?»

ባሏ ዊልፍ ይባላል። ዕድሜውን በሙሉ ሸርጣን ሲያጠምድ የኖረ፣ አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው ጀልባውን ሸጦ ቤት የተቀመጠ ሰው ነው። በእግር መሄድ የሚባል ነገር አይወድም። እግር ለሰው የተሰጠው ጀልባ ላይ ለመቆም ነው፣ ይላል። ሚስቱ ለድንጋይ ብላ ጭቃ ለጭቃ ስትንከራተት ማየት ያስቀዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ቦቲዋን አጥቦ ምድጃው አጠገብ የሚያደርቅላት እሱ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንም ነገር ተጣልተው አያውቁም ብል እዋሻለሁ። በአንድ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ተጣልተዋል፤ እሱም ጳጳሱ ነው።

ጳጳሱ ከመንደሩ በስተሰሜን፣ ጥቁር አፍንጫ ከሚባለው የገደል ጫፍ ማዶ፣ ለብቻው የቆመ ረጅም ዓለት ነበር። አናቱ እንደ ጳጳስ ቆብ ሹል ስለነበረ ነው ስሙን ያገኘው። አጥማጆቹ ባሕር ላይ ሆነው የጳጳሱን ቆብ ከጸሎት ቤቱ ጣሪያ ጋር በአንድ መስመር ሲያዩት፣ ወጥመዳቸውን የት እንደሚጥሉ ያውቁ ነበር። ዊልፍና ሄስተር ሊጋቡ በተቃረቡበት ዓመት ግን አንድ ማዕበል መጣና ጳጳሱን ከወገቡ ቆርጦ ጣለው። አጥማጆቹ ለቅሶ አልተቀመጡም። በስተደቡብ ወዳለው አጭርና ድብልብል ዓለት ዞር አሉና «ከዛሬ ጀምሮ ጳጳሱ አንተ ነህ» አሉት። ከሌላ ጣሪያ ጋር አስተካክለው ምልክት አደረጉት። መንደሩም ሳይውል ሳያድር ተቀበለው።

ሄስተር ብቻ አልተቀበለችም።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» አለች። «የሞተን ሰው ስም ለጎረቤቱ ትሰጣላችሁ? ያ ድንክ ቢበዛ ዲያቆን ነው። ዲያቆን ደግሞ በአንድ ሌሊት ጳጳስ አይሆንም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የደቡቡን ዓለት «ዲያቆኑ» እያለች ኖረች። ጳጳሱ ስትል የወደቀውን ማለቷ ነው።

«ስም ለአጥማጅ መሣሪያ ነው» ይላታል ዊልፍ። «መዶሻ ሲሰበር እጀታውን ለሌላ መዶሻ ታደርጊዋለሽ እንጂ አብረሽ አትቀብሪውም።»

«እኔን የቀበርክ ቀን ስሜን ለማን ልትሰጠው ነው?»

«ለዲያቆኑ» ይላል፤ እሷም የወጥ ቤት ፎጣዋን ትወረውርበታለች።

የጳጳሱ ነገር በስም ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዊልፍ የሚለው ሌላ ታሪክም አለው። ጳጳሱ ከመውደቁ በፊት በነበረው በጋ፣ ባሕሩ እጅግ በሸሸበት አንድ ቀን፣ መሮና መዶሻ ይዞ የዓለቱ ትከሻ ላይ ወጣ። እዚያም የራሱን ስም መነሻ ደብልዩን፣ ከጎኑ የሄስተርን ኤች ጠርቦ ጻፈ። አስቦ የነበረው የጋብቻውን ጥያቄ ሲጠይቃት እዚያ ወስዶ ሊያሳያት ነበር። ማዕበሉ ቀደመው። የጠየቃት በመጨረሻ ከዓሣ መጥበሻ ቤት ፊት ለፊት፣ አፏ ድንች ሞልቶት ነው።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ ገና ላይ፣ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ሲል ይጀምረዋል። በየዓመቱ ፊደሎቹ ይተልቃሉ፣ ገደሉ ይረዝማል፣ ነፋሱ ይከፋል።

«ምስክርህ ማነው?» ትላለች ሄስተር፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

«ጳጳሱ ነዋ!»

«ሙት ምስክር የሚቆጥር ውሸታም ብቻ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ዊልፍም አብሮ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ግን በየዓመቱ ትንሽ ይከፋው ነበር። በገዛ እጁ የጠረበውን ያውቃላ! መዳፉ ላይ መሮው የተወለት ጠባሳ እንኳ አለ፤ እሷ ግን ጠባሳውን የሸርጣን ንክሻ ነው ብላ ትከራከረዋለች።

በዚያ ዓመት የካቲት ውስጥ ሰሜኑ ነፋስ ተነሣና ቀናት ሙሉ ሳያቋርጥ ነፈሰ። ጸጥ ሲል ሰው ወደ ገደሉ ጫፍ ወጥቶ ጉድ አለ። ከጥቁር አፍንጫ ማዶ ያለውን አሸዋ ባሕሩ እንደ ትሪ ጠራርጎ ወስዶታል። ማንም አይቶት የማያውቀው የመርከብ አጽም ታየ፤ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሥር ታየ። ሄስተር ደስ ሲላት እንደምታደርገው ቀኑን ሙሉ እያፏጨች ዋለች፤ ለዊልፍ ግን ምንም አልነገረችውም። ይህን እንኳ ልብ ቢል ጥሩ ነበር። ሄስተር ዝም ስትል ነገር አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ዊልፍ ሬዲዮኑን ከፍቶ ስለ እግር ኳስ ሲሰማ፣ ሚስቱ ከኮሪደሩ ጮኸች።

«ጳጳሱ ጋ ነኝ! ድንቹን ረፈድ ሲል ጣደው፤ ደግሞ ሲበስል አውጣው!»

«እሺ፣ እሺ።»

«ምን አልኩህ?»

«ድንች።»

በሩ ተዘጋ። ዊልፍ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

ባሕር ላይ የኖረ ሰው ባሕሩ መመለስ ሲጀምር ሰዓት አያይም፤ ቤቱ ተቀምጦ በድምፁ ያውቀዋል። ዊልፍ ድንቹን ጥዶ ወንበሩ ላይ እንደተመለሰ ድምፁ ተለወጠበት። መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። ሄስተር ባሕር ሲመለስ ምድር ላይ የምትገኝ ሴት ናት፤ እንዲያውም ውሃ ከመዞሩ በፊት በሩ ላይ ቦቲዋን ስታራግፍ ይሰማል። ግን ቦቲ አልተራገፈም። ሬዲዮኑን ዘጋው። ዝምታው ባሰ። በመስኮት ቢያይ የወደቡ ግንብ እስከ ግማሹ ውሃ ለብሷል።

ኮቱን ሳይቆልፍ ወጣ። ወደቡ ላይ ዳረን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ዳረን የዊልፍን ጀልባ የገዛ፣ የመንደሩን የነፍስ አድን ጀልባ በበጎ ፈቃድ የሚመራ፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ጠንካራ ሰው ነው።

«ዳረን! ሄስተርን አይተሃታል?»

«ጠዋት ያቺን ቀይ ባርኔጣ ያየሁ መስሎኛል። ምነው አለቃ፣ ፊትዎ?»

«አልተመለሰችም። ባሕሩ ሞላ።»

ዳረን ገመዱን ጣለው። «ወዴት ነው የሄዱት?»

«ጳጳሱ ጋ ነኝ ብላኛለች።»

ዳረን ሌላ አልጠየቀም። እሱ የተወለደው አሮጌው ጳጳስ ከወደቀ በኋላ ነው፤ የሚያውቀው ጳጳስ አንድ ነው። ጓደኞቹን ጠርቶ ጀልባዋን አስነሣ። ዊልፍ አንድ እግሩን ጀልባዋ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ክንዱን ያዘው።

«አለቃ፣ እርስዎ እዚህ ይቆዩ። ሁለት ሽማግሌ መፈለግ አልፈልግም።»

«ሽማግሌ አባትህ!»

«አባቴም ቤቱ ነው ያለው» አለና ወደ ደቡብ ተፈተለከ።

የመገናኛ ሬዲዮኑን የምትይዘው ዶሪን ፕራት ነበረች። ዓሣና ድንች የምትጠብሰው ዶሪን፣ ጀልባዋ በወጣች ቁጥር ሽርጧን ሳትፈታ ወደቡ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ለዊልፍ ወተት የበዛበት ሻይ በእጁ አስያዘችው። እሱም ሳይጠጣው ያዘው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ዊልፍ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሁለት ጓደኞቹንና አንድ አጎቱን እንደዚያ እያሳሳቀ ወስዶበታል። ሬዲዮኑ ሿ አለ።

«ጳጳሱ ጋ ደርሰናል» አለ የዳረን ድምፅ። «ማንም የለም። ሥሩንም ዋሻውንም አየን። ባርኔጣም የለ፣ ምንም የለ።»

ዶሪን ወደ ዊልፍ ላለማየት ባሕር ባሕሩን አየች።

«ምናልባት ሐሳቧን ቀይራ ሌላ ጋ ሄዳ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ።

«ሄስተር ሐሳቧን ቀይራ አታውቅም።»

«እንግዲያው ቆመህ አትድረቅ። ሲያገኟት በርዷት ነው የሚሆነው፤ ሂድና ደረቅ ልብስና ብርድ ልብስ አምጣላት።»

ሥራ ልትሰጠው ብላ እንደሆነ ገብቶታል። ቢሆንም ሄደ።

በሩን ሲከፍት ጭስ ተቀበለው። ድንቹ! ውሃው አልቆ ድስቱ ሥር ጠቁሮ ይንጣጣል። ድስቱን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወረወረው፤ እጁን አቃጠለው፤ ተሳደበም። ከዚያ ብርድ ልብስ ሊያወጣ ወደ ኮሪደሩ ሲዞር የመሣሪያ ሣጥኑን አየ። ክዳኑ ተከፍቷል።

ዊልፍ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ የሚተው ሰው አይደለም። ጎንበስ ብሎ አየ። መሮው አለ፤ መዶሻው አለ፤ የሽቦ ብሩሹ ግን የለም። ያ ብሩሽ የጀልባ ሆድ ላይ የሚጣበቀውን ዛጎልና ጭቃ ሲፈትግበት የኖረው ብሩሽ ነው። ለሽርሽር የወጣች ሴት የሽቦ ብሩሽ ምን ያደርግላታል? ምን ልትፈትግ?

ድንጋይ። የተጻፈበት ድንጋይ።

«ጳጳሱ ጋ ነኝ» ነው ያለችው። ዊልፍ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ቀረ። ሄስተር የደቡቡን ዓለት ጳጳስ ብላ ጠርታው ታውቃለች? አንድ ቀን? በእንቅልፏ እንኳ? ዕድሜ ልኳን አንድ ስም ይዛ ስትሟገተው ኖራ፣ እሱ በጨነቀው ሰዓት በመንደሩ ጆሮ ሰማት። ጀልባዋን ዲያቆኑ ጋ ላካት። ሚስቱ ከጥቁር አፍንጫ ማዶ ናት፤ ባሕር ሲሞላ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው የዚያ መንገድ ነው።

ብርድ ልብሱን ረስቶ ወጣ።

«ዶሪን!» ገና ከመንገዱ ማዶ ጮኸ። «ወደ ሰሜን በያቸው! ጳጳሱ ጋ ናት!»

«አሁን እኮ ጳጳሱ ጋ የለችም አሉ!»

«እሱ ጳጳስ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዲያቆን ነው! ዲያቆኑ ነው እሱ!»

ዶሪን ሰውየው በጭንቀት ያበደ መሰላት። አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«የሄስተር ጳጳስ?»

«የሄስተር ጳጳስ! ከጥቁር አፍንጫ ማዶ!»

ዶሪን ሬዲዮኑን አፏ ላይ ለጥፋ መጮህ ስትጀምር ዊልፍ የገደሉን ዳገት ይዞ ነበር።

መራመድ የማይወደው ሰውዬ ያን ቀን ሮጠ። ሩጫ ከተባለ። ጉልበቱ በየእርምጃው ይጮህበታል። ማዕበሉ የድሮውን መንገድ ጎምዶ ስለወሰደው አጥር ተሻግሮ በበጎች መሃል፣ በጭቃ ማሳ መሄድ ነበረበት፤ በጎቹ ቆመው አዩት። ከራሱ ጋር ይነጋገራል። በየገናው ከመለፍለፍ አንዴ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሁለት ፊደል! ለሁለት ፊደል ብላ! ጸሎት ቤት የሚሄደው ለቀብር ብቻ ቢሆንም እየሮጠ ይጸልይ ጀመር። «ብቻ እሷን አትርፍልኝ» አለ። «ውሸቱን ነው ትበል። እኔም ውሸቴን ነው እላለሁ። ገበያ መሃል ቆሜ ውሸቴን ነው እላለሁ።»

ጫፉ ላይ ደርሶ ወደ ታች አየ። የባሕር ዳር የሚባል ነገር የለም። ከገደሉ ሥር ጀምሮ ነጭ አረፋ ነው። ቀኝ አየ፣ ግራ አየ፤ ቀይ ነገር የለም። በቃ፣ አለቀ አለ በልቡ። እርጥቡ ሣር ላይ በደረቱ ተኛና ተስቦ አንገቱን ከጫፉ አሳለፈ።

ያኔ ነው ያየው። በቀጥታ ከሥሩ፣ ከወጣትነቱ ወዲህ ያላየው ነገር ተጋድሟል። ያ ሹል ቆብ፣ ያ ሰፊ ትከሻ፤ ጳጳሱ እንደ ሰው በጎኑ ተኝቷል። አሸዋው ሲጠረግ ግማሽ አካሉ ወጥቷል፣ ዙሪያውን ባሕር ከቦታል። ትከሻው ላይ ቀይ ባርኔጣ አለ። ከባርኔጣው ሥር ያለችው ሴትዮ፣ ማዕበሉ ቦቲዋን እየረጫት፣ ተንበርክካ ድንጋይ ትፈትጋለች።

«ሄስተር!»

ቀና አለች። ብሩሹን ከፍ አድርጋ አውለበለበችለት።

የዊልፍ ነፍስ ተመለሰች። ፊቱን ሣሩ ውስጥ ቀበረና አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሳቀ፤ የሚያየው በግ እንጂ ሰው አልነበረም፣ ደግሞም ሰው ቢያየው ግድ አልነበረውም። ቀና ሲል ወደ ድንጋዩ እየጠቆመች አንድ ነገር ትጮሃለች። ነፋሱ ቃሏን ይወስደዋል።

«አንቺ እብድ ሴትዮ! ቁጭ በይ! መፈተጉን ተይና ቁጭ በይ!»

እሷም ነፋሱ የእሱን ቃል እንደወሰደ አስመስላ መፈተጓን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ ብርቱካናማዋ ጀልባ ጥቁር አፍንጫን ዞራ መጣች፤ ዳረን በአንድ እጁ ከዓለቱ ላይ ሲያነሣት ዊልፍ ከላይ ሆኖ አየ። ከወገቧ በላይ ደረቅ ነበረች።

ወደ ወደቡ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ የሚቆጣትን ቁጣ አዘጋጀ። ጥሩ ቁጣ ነበር፤ መጀመሪያም መጨረሻም ነበረው። ሲደርስ ግን በዶሪን ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ሁለት እጆቿን ይዞ ያሻቸው ጀመር። እጆቿ በረዶ ነበሩ።

«ድንቹን አወጣኸው?» አለችው።

«ከሰል ሆኗል።»

«አውቄዋለሁ።» ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበችና «አገኘሁት፣ ዊልፍ» አለች።

«ምኑን?»

«ፊደሉን። ጥልቅ፣ ያማረ፣ የእጅ ሥራ የሆነ ደብልዩ።»

ወደቡ ላይ የቆመው ሁሉ ዞረ። ዊልፍ ደረቱን ነፋ። «አላልኩሽም? አላልኳችሁም?»

«ደብልዩ ብቻ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ሌላ ፊደል የለም። ይኸን ሁሉ ዓመት የፎከርከው የራስህን ስም ጽፈህ ነው!»

ዶሪን ሽርጧን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሳቁ ግን ከሁሉም አመለጠ።

«ኤቹ ከጎኑ ነው!» ጮኸ ዊልፍ። «ዓለቱ በጎኑ ሲወድቅ ሥር ሆኗል! አሸዋ ውስጥ ነው!»

«ተከሳሽ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች ሄስተር።

«አለቃ» አለ ዳረን እንባውን እየጠረገ፣ «ኤቹን የሚያወጣልዎት ጠበቃ ይፈልጉ።»

ምሳቸውን በእራት ሰዓት በሉ፤ ዶሪን የላከችው ዓሣና ድንች ነው። ሄስተር እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ምን እንደሆነ ነገረችው። ደብልዩውን ስታገኝ ሌላውን ፊደል ብላ በእጇ መቆፈር ጀመረች፤ መቆፈሩ አዘናግቷት ቆይቶ ቀና ስትል ባሕሩ መንገዱን ዘግቶታል። ባሕሩ ሲሞላ የሚደርስበት፣ ገደሉ ላይ ያለው የውሃ ምልክት ከጳጳሱ ትከሻ ዝቅ ብሎ ስላየችው፣ እዚያ ወጥታ መጠበቅ መረጠች።

«ፈርተሽ ነበር?»

«ውሃው ቦቲዬን ሲነካ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ለዚህ ነው መፈተጉን ያላቆምኩት፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። ያንተን ድምፅ ከላይ ስሰማ ለቀቀኝ።» ድንች አነሣች። «የት እንዳለሁ ግን እንዴት አወቅህ?»

«ብሩሼን ሰርቀሽ። መጀመሪያማ ጀልባዋን ዲያቆኑ ጋ ልኬያት ነበር።»

ድንቹ አፏ ሳይደርስ ቆመ።

«ምን ጋ?»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም። ድገመው።»

«ዲያቆኑ ጋ» አለ ዊልፍ፣ ሆምጣጤውን እያነሣ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

መጋቢት ገብቶ ባሕሩ እንደገና እጅግ የሸሸ ቀን፣ ዊልፍ ሳይጠራ ቦቲውን አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። አካፋ በትከሻው ነበር። ሄስተር ለሁለት የሚሆን ሻይ ያዘች። ጥቁር አፍንጫን ዞረው ሲደርሱ አሸዋው ተመልሷል። ባሕሩ የወሰደውን ሁሉ መልሶ አልብሶታል። መርከቡ የለም፣ የዛፉ ሥር የለም፤ ከጳጳሱ የቀረው የቆቡ ጫፍ ብቻ ነው።

ዊልፍ ከቆቡ ወዲህ ወዲያ በዓይኑ ለካና መቆፈር ጀመረ። አንድ አካፋ ሲያወጣ ሁለት አካፋ ውሃና አሸዋ ይገባል። ላብ አጠመቀው። አካፋውን ጥሎ በእጁ ቀጠለ።

«እዚህ ነው። ልክ እዚህ፣ ከደብልዩው ሥር ነው። ትንሽ ብቻ።»

«ተወው፣ ጉልበትህን።»

«ተወው አትበይኝ! ዕድሜ ልኬን ውሸታም ስባል ኖሬ! በልጆች ፊት፣ በእንግዳ ፊት!»

«ዊልፍ።» አጠገቡ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። «ኤቹ እንዳለ አውቃለሁ።»

እጁ ቆመ።

«መቼ አየሽው?»

«አላየሁትም። ከዚያ ከመጀመሪያው ገና ጀምሮ አውቃለሁ። አንተ መዋሸት አትችልም፤ ጆሮህ ይቀላል።»

«ታዲያ በየዓመቱ ሰው ፊት የምታዋርጂኝ ለምንድን ነው?»

ሄስተር የባርኔጣዋን ጫፍ ጎተት አድርጋ ባሕሩን አየች።

«አምኜሃለሁ ብልህ ኖሮ በየገናው መናገሩን ትተወው ነበር።»

ዊልፍ አሸዋ በሞላው እጁ ተቀምጦ አያት። ከዚያ ተነሣ፣ አካፋውን ያዘ፣ የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ ደፈነውና በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው።